በዘጋቢያችን የተጻፈ

አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። ወዳጆቼ «ተይው እንግዲህ፣ ያለፈ ነገር ነው» ይሉኛል። ለእነሱ አልፎ ይሆናል። እኔ የሰው ኑሮ በኦርኪድ አበባ ሲፈረድበት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ እንዴት አድርጌ ነው የምተወው?

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ዓመታት ሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ ዊልቸር እገፋ ነበር። መራመድ የማይችለውን መንገደኛ ከአውሮፕላኑ በር እስከ ሻንጣ መቀበያው፣ ከዚያም እስከ ዘመዱ መኪና ማድረስ ነው ሥራችን። ከገፊዎቹ ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ስለነበሩ የእረፍት ክፍላችን ሁልጊዜ ይንጫጫል፤ አንዱ በኦሮምኛ ስልክ ያወራል፣ አንዱ በአማርኛ ሱፐርቫይዘሩን ያማል፣ አንዷ በትግርኛ ትስቃለች። በዚያ መሃል ዋናዋ ጯሂ እኔ ነበርኩ። ቤቴ ስገባም ያው ነኝ። ባለቤቴ በኦሮምኛ ቀስ ብሎ ይመክረኛል፣ ልጄ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ማሚ፣ ዩ አር የሊንግ» ትለኛለች። እየጮህኩ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ።

እኚያ ሰው እዚያ ክፍል ጥግ ይዘው ዝም ብለው የሚቀመጡ ስሪላንካዊ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ አንቱ ያስባለኝ ሽበታቸውና ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው መቆለፋቸው ነው። የእኛ ልጆች «ፕሮፌሰሩ» ይሏቸዋል፣ ምክንያቱም ዊልቸር ላይ ላስቀመጧት አሮጊት ሁሉ ጎንበስ ብለው «እመቤቴ፣ ተመቸዎት?» ሳይሉ አይገፉም። አንድ ቅዳሜ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሆፕኪንስ ባለው አፓርትመንታችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስገባ ካልሲያቸውን ጥንድ በጥንድ ሲያጣጥፉ አገኘኋቸው። ለካ ጎረቤቴ ኖረዋል። መኪና አልነበራቸውም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኔ መኪና አብረን ወደ ሥራ መሄድ ጀመርን።

ታሪካቸውን የሰማሁት መኪና ውስጥ ነው፣ ያውም እየቆነጠሩ ሲነግሩኝ። ኮሎምቦ ውስጥ በእንግሊዝኛ በየቀኑ የሚታተም ጋዜጣ ላይ ለብዙ ዓመታት ጋዜጠኛ ነበሩ። አገራቸው ጦርነት ላይ ነበረች፤ መንግሥትና አማጽያን በሰሜን በኩል ይዋጋሉ፣ መሃል ያለው ሰው ያልቃል። ጋዜጣው ቤት ደግሞ አንድ የቆየ ደንብ አለ። ስለ አበባ ኤግዚቢሽን፣ ስለ ክሪኬት፣ ስለ ትምህርት ቤት በዓል ከጻፍክ ስምህ ከላይ ይወጣል። ስለ ጦሩ፣ ስለ ጠፉ ሰዎች፣ ስለ ቁስለኛ ከጻፍክ ግን «በዘጋቢያችን» ተብሎ ብቻ ይታተማል። ማን እንደጻፈው ጸሐፊውና ዋና አዘጋጁ ያውቃሉ፤ ሌላው ቢያውቅም አይናገርም። ሊያስሩ የመጡ እንደሆነ ጋዜጣውን ያስሩ ይሆናል፣ ሰውየውን ግን አያገኙትም ማለት ነው።

ሲነግሩኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አገራችን ስንት ሰው ስሙን ጽፎ እንደተለቀመ አይቻለሁና ብልህ ደንብ መሰለኝ።

እሳቸው በስማቸው ስለ ኦርኪድ ይጽፋሉ፣ ያለ ስማቸው ደግሞ በሰሜን በኩል ስላለች አንዲት ከተማ ሆስፒታል። መንግሥት «ሲቪል አልተጎዳም» ሲል ጋዜጣው ላይ ሕፃናት በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት ሆነው እንደተኙ፣ ፋሻ አልቆ መጋረጃ እየተቀደደ ቁስል እንደሚታሰር ወጣ። በዘጋቢያችን። ብዙም ሳይቆይ ስማቸውን የማይናገሩ ሰዎች ቤታቸው እየደወሉ «ሆስፒታሉ እንዴት ነው?» ይሏቸው ጀመር። ከዚያ ጎናቸው የሚቀመጠውን የሥራ ባልደረባቸውን ከአውቶቡስ ፌርማታ በነጭ መኪና ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እሳቸው ለአጭር ሥልጠና አሜሪካ መጥተው ሳለ ቀሩ።

ሚስታቸው ግን እዚያው ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር ኮሎምቦ ያደገችው ልጃቸውም እናቷ ጋ ሄዳለች። ሚስትየዋ በሰሜን በኩል የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆኑ እንዳሻቸው ሥራ ለቀው መሄድ አይችሉም አሉኝ፤ ስለ ሚስታቸው ከዚህ የበለጠ አይናገሩም ነበር። ስለ ልጅቷ ግን አይጠግቡም። አሥር ዓመት ሳይሞላት የጋዜጣ ርዕስ ታርማለች ብለው ይኮራሉ። እዚህ የጥገኝነት ጥያቄያቸው ተቀባይነት ካገኘ ሁለቱንም ያስመጣሉ፤ ካላገኘ እሳቸው ይመለሳሉ፣ ወደ ነጭ መኪናው። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

የሥራ ሺፍታችን ከሰዓት በሆነ ቀን ጠዋት ጠዋት፣ ሆፕኪንስ ያለው ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ጋዜጣቸውን ያነባሉ። እኔም ለልጆቹ መጽሐፍ ስመልስ አያቸዋለሁ። አነባበባቸው እንደ እኛ አይደለም፤ መጀመሪያ ስሕተት ነው የሚፈልጉት። «ይህን ርዕስ ማን ነው የጻፈው? ዋናውን ነገር አራተኛ አንቀጽ ላይ ቀበረው እኮ!» ብለው ለራሳቸው ያጉረመርማሉ። ስለ ጦርነቱ የሚያወራ ዜና ሲመጣ ግን ድምፅ የላቸውም።

ኬሳቸው መቅረቡን የእረፍት ክፍሉ ሲሰማ ሁሉም ጠበቃ ሆነ። እኛ ዘንድ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ያልተማረ የለም፤ ከመካከላችን ግማሹ በዚያው በር ነው የገባው።

«ኬስ እኮ ምስክር ነው ብራዘር» አላቸው አንዱ ጎንደሬ። «ሌተር ሰብስብ። ከቸርች፣ ከኮሚዩኒቲ፣ ካገኘኸው ሁሉ።»

«የጻፋቸውን ፕሪንት ያድርጋ» አለች ሌላዋ።

«ስሜ የለበትም» አሉ እሳቸው።

ስማቸው ያለበት ኦርኪዱ ላይ ብቻ እንደሆነ ሳስረዳቸው አንዷ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፤ እኔም በዓይኔ አጠፋኋት።

ጠበቃቸው በነጻ የሚሠራላቸው ወጣት ፈረንጅ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ሲናገር ያልበዋል። የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ «እነዚህን ዜናዎች የጻፈው እሱ ነው» ብሎ እንዲመሰክር ጠየቀ። የመጣው መልስ ግን ሰውየው ጋዜጣው ቤት በዘጋቢነት መሥራታቸውን፣ ጠባያቸውም መልካም መሆኑን ብቻ የሚናገር ነበር። ስለ ዜናዎቹ ትንፍሽ የለም። ጠባይ! ሰውየው ሚስት ሊያገቡ የሄዱ አስመሰለው!

በዚያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ነገሩን ላጣራ ብሎ ኮሎምቦ ውስጥ ሰው አስደወለ። የደወለው ሰው ጋዜጣው ቤት ስልክ ያነሳችውን ኦፕሬተር «እንትና የሚባል ሰው እናንተ ጋ ይሠራ ነበር? አሜሪካ ስላለው ጉዳይ ነው» ይላታል። እሷም ስልኩን በእጇ ሸፍና ሙሉ ክፍሉ እየሰማ «አሜሪካ ስለቀረው ሰውዬ የሚጠይቁ አሉ!» ብላ ተጣራች። ይህን አንድ የቀድሞ ባልደረባቸው ነገራቸው። ምስጢር ነው የተባለው ነገር እንዲህ ነው የሚጠበቀው። ያን ዕለት ዊልቸር ሲገፉ ሁለት ጊዜ በር ስተው ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ።

ደንቡ ብልህ መስሎኝ የነበረውን ያኔ ተውኩት። ሰው ለማዳን የወጣ ደንብ ሰው ሊገድል ሲል ዝም ብሎ የሚያይ አዘጋጅ ምን ዓይነት ሰው ነው? አንድ ቀን ማለዳ የስልክ ካርዴን አወጣሁ፤ የጋዜጣው ስልክ ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ነበር። እዚህ ሲነጋ እዚያ ይመሻል፤ የነገውን ጋዜጣ የሚሠሩበት ሰዓት ነው። ልጆቹ ሲሪያላቸውን እየበሉ ወጥ ቤት ቆሜ ደወልኩ።

አዘጋጁ ራሱ ቀረበ። ከኋላው የሰው ጫጫታና የማሽን ድምፅ ይሰማል። ድምፁ የለሰለሰ፣ የተማረ ሰው ድምፅ ነው፤ እሱ ራሱ አናደደኝ። የሰውየው ጎረቤት ነኝ፣ ፍርድ ቤቱ ስሙን ይፈልጋል፣ እባክህ መስክርለት አልኩት።

«እሱ እንዴት ነው? ብርዱን ለመደው?» አለኝ።

«ብርዱን ተወው! ጽፎታል አልጻፈውም?»

«እመቤት፣ እኛ ቤት ማን ጻፈው ተብሎ አይነገርም።»

«ለጠላት አትንገር፤ ይህ እኮ ለራሱ ጥቅም ነው። ካልሆነም ድረ ገጻችሁ ላይ ስሙን ከላይ ጨምሩበት፣ በቃ። ውሸት አልለመንንህም፣ የራሱን ስም ነው!»

ይህን ሐሳብ ያወጣነው እረፍት ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ነው። እኛ በጣም የተራቀቅን መስሎን ነበር። አዘጋጁ ግን ጸያፍ ነገር የተናገርኩ ያህል ቆጠረው።

«ዛሬ ለጥሩ ዳኛ ከተናገርኩ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ነገ ለመጥፎ ኮሎኔል አልናገርም የምልበት አፍ አይኖረኝም። እዚህ ክፍል ውስጥ አሁን የሚጽፉ ልጆች አሉ። እኔ አንድ ጊዜ ስም እንደሰጠሁ ቢሰሙ፣ ነገ ማን ይጽፍልኛል? ማንስ ይነግራቸዋል?»

«የእሱ ልጅስ ልጅ አይደለችም?»

«ልጅቷን እኔ አውቃታለሁ» አለኝ። «እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው ያደገችው።»

ታዲያ አውቀህ ነው? ብዬ ጮህኩበት። ፈሪ አልኩት፤ ልብ የለህም አልኩት፤ አማርኛም ሳልቀላቅልበት አልቀረሁም። ስልኩን አልዘጋብኝም፤ ጨርሼ እስክደክም ጠበቀና «ስለ ወንድሜ አመሰግናለሁ» ብሎ ተሰናበተኝ። ልጄ ማንኪያዋን ይዛ አፍጣብኝ ነበር፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ «ዩ አር የሊንግ» አላለችም።

መኪና ውስጥ ለሰውየው ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ቢቆጡ ደስ ባለኝ።

«ልክ ነው እሱ» አሉ መስኮቱን እያዩ።

«ምኑ ነው ልክ?»

«እኔ ብሆንም እንደዚያው ነበር የምመልስሽ።»

መሪውን በጡጫ መታሁት። ለሚሰምጥ ሰው ገመድ ብትወረውርለት «ገመዱ የእኔ አይደለም» ቢልህ ምን ታደርገዋለህ? እሳቸው ግን እንዲያ ነበሩ።

የችሎቱ ቀን ከሥራ ቀርቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም የማይርቅ ተራ የቢሮ ሕንፃ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት የጥርስ ሐኪም ቤት ይመስላል። እሳቸው ከፈቀዱ ሰው መግባት ይችላል ተብሎ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሸሚዛቸው እንደተለመደው እስከ አንገት ተቆልፏል፤ ከረባት ጨምረውበታል።

የመንግሥት ጠበቃዋ ቀጭን ሴት ናት። ወረቀቶች አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው፤ ሁሉም ከድረ ገጹ ላይ የታተሙ፣ ሁሉም የእሳቸው ስም ያለባቸው።

«ይህ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ኦርኪድ ኤግዚቢሽን።»

«ይህስ?»

«የትምህርት ቤቶች ክሪኬት።»

«ይህኛውስ?»

«ይህም ኦርኪድ ነው። የሚቀጥለው ዓመት።»

«ሰው በኦርኪድ አበባ ምክንያት ይሳደዳል?» አለች። የፈገግታዋን ነገር እግዜር ይይላት። እሳቸው ግን እንደ ቁም ነገር ወስደው «አይሳደድም» ብለው መለሱላት። ጠበቃቸው ላቡን ጠረገ።

ዳኛው ሸምገል ያሉ ናቸው፣ ክፉ ሰው አይመስሉም። እንዲያውም በር ከፈቱላቸው፤ ንዴቴን እጥፍ ያደረገው ይህ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው «ይስሙኝ» አሉ። «የሆስፒታሉን ዜና የጻፉት እርስዎ ከሆኑ፣ ከጸሐፊው በቀር ማንም የማያውቀውን ይንገሩኝ። በሆስፒታሉ ውስጥ ይህን የነገረዎት ማን ነው? እንዴትስ ነገረዎት? ይህን ካስረዱኝ ብዙ ነገር ይለወጣል።»

ይኸው! አንድ ስም። አንድ ስም ብቻ፣ ሚስትና ልጅ ይመጣሉ።

«ክቡር ዳኛ፣ ያንን መናገር አልችልም» አሉ።

«እዚህ የሚነገረው በምስጢር ይጠበቃል።»

«ይገባኛል። ለማጣራት ግን ትደውላላችሁ።»

«ማጣራት የተለመደ ነው» አሉ ዳኛው።

«እሱንም አውቃለሁ» አሉ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ተነስቼ በአንገታቸው ይዤ ብነቀንቃቸው በወደድኩ።

ጠበቃው እረፍት ለመነላቸውና ኮሪደር ላይ ወጣን። «ፕሊዝ» ይላቸዋል ልጁ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እኔ ደግሞ «የሚስትዎን ነገር ያስቡ እንጂ! ያ የነገረዎት ሰው ከሚስትዎ ይበልጣል? ከልጅዎ ይበልጣል?» ብዬ ጮህኩባቸው። ዘበኛው ዞር ብሎ አየኝ። እሳቸው ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝና አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ውኃ ጠጥተው ገቡ።

ተመሳሳይ ጥያቄ፣ ተመሳሳይ መልስ። ዳኛው ውሳኔውን ያነበቡት ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ ነው። ሰውየው ጋዜጠኛ እንደነበሩ ይታመናል፤ ነገር ግን ለአደጋ ያጋልጠኛል ያሉትን ጽሑፍ መጻፋቸውን አላስረዱም። ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም፤ ይግባኝ ማለት ይችላሉ።

መኪናው ጋ ስንደርስ «ዛሬ ከሥራ ቀርተሽብኛል፣ አመሰግናለሁ» አሉኝ። እስከ ሆፕኪንስ ድረስ አልለቀቅኳቸውም። ኩራት ነው አልኩ፤ ሙያ ሙያ እያላችሁ ሰው የምትማግዱ ናችሁ፣ አንተም አዘጋጅህም አንድ ናችሁ አልኩ። አንቱታውንም እዚያው መንገድ ላይ ጣልኩት። አፓርትመንቱ ጋ ሲወርዱ በሩን እንኳ እንደ ሌላው ቀን በቀስታ ነው የዘጉት።

ይግባኙ ገባ፤ እሳቸውም ዊልቸር መግፋታቸውን ቀጠሉ። ለአንድ ሰሞን አኮረፍኳቸው። ራይድ መስጠቱን አልተውኩም፣ ግን ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምነዳው። ባለቤቴ «ሰውየው የራሱን ነገር ያውቃል፤ አንቺን ምን አገባሽ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ በሚያገባኝ ነገር ብቻ ብናደድ ኖሮ ምን ዓይነት ኑሮ ይሆን ነበር እለዋለሁ።

አንድ ጠዋት ከሥራ በፊት ልወስዳቸው ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ደረስኩ። ሲቀሩብኝ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል፤ ጋዜጣቸው ተከፍቷል። ገና ሳልጠራቸው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፤ ኪቦርዱ ዘለለ። ያ ድምፅ የሌለው ሰው! አጠገባቸው የነበረች ፈረንጅ ወንበሯን ሳበች። በራሳቸው ቋንቋ የሆነ ነገር ጮሁ፣ ቃሉን ባላውቀውም ስድብ መሆኑ አይጠፋኝም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ስትመጣ ይቅርታ ጠይቄ በክንዳቸው ይዤ ላነሣቸው ስል እሳቸው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ደቅነው አስነበቡኝ።

አጭር ዜና ናት። ያቺው ከተማ፣ ያው ሆስፒታል። የቀዶ ሕክምና ክር ስላለቀ ቁስለኛ በልብስ ስፌት ክር እየተሰፋ ነው ይላል፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ አልቆ አሁን በቀይ ክር ነው የሚሰፉት። ከላይ የሰው ስም የለም። በዘጋቢያችን።

«ሌላ ሰው ቀጠለበታ» አልኳቸው። «ጥሩ አይደለም?»

«ዘጋቢው ሌላ ነው» አሉ። «ክሩ ግን የእኛ ቤት ክር ነው። ከልጄ ቀሚስ የተረፈ ቀይ ክር። በዚያ ከተማ ከእናቷ መሳቢያ በቀር የትም የለም!»

ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። የመንግሥት ሠራተኛ። ስለ ሥራቸው የማይነገር። ሚስትየዋ ነርስ ነበሩ፤ ያ ሆስፒታል ውስጥ። መጋረጃ ቀድደው ቁስል ያሰሩት፣ ማታ ለባላቸው በስልክ «ዛሬ መጋረጃ ቀደድን» ያሉት እሳቸው ናቸው። ዳኛው ሰውየውን የጠየቁት ስም የሚስታቸው ነበር። ስሙን ቢሰጡ ኖሮ ለማጣራት አንዱ ይደውላል፤ የሆስፒታሉ ስልክ አንሺም «አሜሪካኖች ስለ ሲስተር እንትና ይጠይቃሉ!» ብላ በኮሪደሩ ትጣራለች። ሚስትየዋ ከመሳፈራቸው በፊት ነጩ መኪና ይመጣል።

እኔ ደግሞ ኮሪደር ላይ ቆሜ «ያ ሰው ከሚስትዎ ይበልጣል?» ብያቸዋለሁ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ብነግርሽ ለጠበቃው ትነግሪው ነበር።»

እነግረው ነበር። በዚያው ደቂቃ ነው የምነግረው።

ወደ መኪናው ወጣን። በብርዱ ኮታቸውን ሳይቆልፉ ቆመው «አቁሚ ብያት ነበር፣ ምላልኛለች፣ በልጃችን ምላልኛለች» ይላሉ። «ደውዬ እነግራታለሁ! ዛሬ እነግራታለሁ!» ስልኬንና ካርዴን ሰጠኋቸው። ቁጥሩን ሲጫኑ ጣታቸው ሁለቴ ሳተ። ሲጠራ ሰማሁት፣ ሲነሳም ሰማሁት፤ የሴት ድምፅ ነው፣ ረጋ ያለ።

ከዚያ ሰውየው ዓይኔ እያየ ተለወጡ። የእዚያን ስልክ የመንግሥት ሰው እንደሚጠልፈው ያውቃሉ። አንድ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ተጨብጧል፤ ድምፃቸው ግን ለስላሳ ነው። ቋንቋቸውን ባልችልም አባት ራት በላችሁ ወይ፣ ልጅቷ ትምህርቷን እንዴት ያዘች ሲል አውቀዋለሁ። ሳቁም እንኳ። ልጅቷ ቀረበችና አንድ ነገር አነበበችላቸው መሰለኝ፤ አራሚው አባት «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» አሉ በእንግሊዝኛ። ስለ ክር አንዲት ቃል አላነሱም። ስልኩን መልሰው ሰጡኝ፤ በሩን ከፍተው መኪናው ውስጥ ገቡና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ሞተሩን አስነሳሁ፤ ግን አልነዳሁም። ሥራ እንዘገያለን፤ እንዘግያ።

«አሁን የሚስትዎን ነገር የሚያውቀው ማነው?» አልኩ።

«አዲሱ ዘጋቢ» አሉ ከእጃቸው ሥር። «አንቺ። አዘጋጁ።»

ያ አዘጋጅ። ልብ የለህም ያልኩት፣ በየማለዳው ጥርሴን ስቦርሽ የምረግመው። የዚያች ሴት ሕይወት የተንጠለጠለው እሱ አፍ ላይ ነበር። ኮሎኔል ይሁን ዳኛ፣ ለምኖ የሚመጣ ይሁን ጮሆ የሚመጣ፣ እኔን እንዳሳፈረኝ ሁሉንም አሳፍሮ እንዲመልስልኝ መሪውን ይዤ ጸለይኩ። ይቅርታ አድርጌለት አይደለም፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የጸለይኩት።